ከሮም ወደ ፍራንክፈርት ስትመጪ የብድር ታሪክሽ ለምን አብሮሽ አይመጣም?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ሮም 11 ዓመት ኖሬ ባለፈው ዓመት ወደ ፍራንክፈርት ተዛወርኩ። የጣሊያን ፓስፖርት አለኝ። ጣሊያን ሁለት ጊዜ ተበድሬ ሁለቱንም አንድ ወር ሳላዛንፍ ከፍያለሁ። አሁን መኪና ለመግዛት 12,000 ዩሮ ፈልጌ እዚህ ያለውን ባንኬን ስጠይቅ ስለ እኔ በቂ መረጃ የለም ብሎ መለሰኝ። የድሮ ባንኬን ስጠይቅ ደግሞ ጣሊያን ስለማትኖሪ አናበድርሽም አለኝ። ሮተርዳም ያለችው የአክስቴ ልጅ እዚህ ከማየው ዋጋ በጣም ባነሰ ወለድ ተበድራለች። አውሮፓ አንድ ገበያ ነው፣ ባንኮቹም ይወዳደራሉ ይባል የለ? ታዲያ እኔ ከሆላንድ ወይም ከጣሊያን መበደር ለምን አልችልም? የአክስቴ ልጅ በስሜ ልበደርልሽ ብላኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ሁለት ባንክ አንኳኩተሽ ሁለቱም ፊት ነሱሽ። የሚያበሽቀው ነገር፣ ሁለቱም ሕግ ጥሰዋል ለማለት ይከብዳል። እኔ ጀርመን ውስጥ በባንክ የብድር ፈቃድ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እንዳንቺ ያለ ማመልከቻ በእጄ አልፏል። ስለዚህ መጀመሪያ ከጠረጴዛው ማዶ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይገባሻል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«አንድ ገበያ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከ1993 ጀምሮ በአንድ የአውሮፓ ኅብረት አገር ፈቃድ ያገኘ ባንክ ለየአገሩ አዲስ ፈቃድ ሳያወጣ በሌሎቹም መሥራት ይችላል። ይችላል ነው እንግዲህ፤ ይገደዳል አይደለም። በ2018 ድንበር እየለዩ ደንበኛ መከልከልን የሚያስቀር ደንብ ወጥቶ ነበር። በዚያ ደንብ መሠረት የሚላኖ ጫማ ሻጭ የጀርመን አድራሻሽን አይቶ አልሸጥልሽም ማለት አይችልም። ቤትሽ ድረስ አላመጣልሽም ሊል ይችላል፤ አልሸጥም ግን አይልም። የባንክ አገልግሎት ከዚያ ደንብ ውጭ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ለጫማ ድንበሩ የለም፣ ለብድር አለ።

ለምን ቢባል፣ የማመልከቻሽ ፋይል ሲከፈት የሚታየው ይህን ይመስላል። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አንድ የፍራንክፈርት አድራሻ፣ አንድ የባንክ ሒሳብ፣ ምናልባት አንድ የሞባይል ኮንትራት። በቃ። ሮም ላይ ከፍለሽ የጨረስሻቸው ሁለት ብድሮች እዚያ ገጽ ላይ የሉም። ክፉ ነገር አልተጻፈብሽም። ደግ ነገርም አልተጻፈልሽም። ብድሩን ትመልሺ እንደሆነ ገምቶ ነጥብ የሚሰጠው ማሽን ደግሞ ባዶ ገጽ አይወድም፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ገጽ ያለው ሰው ትንሽ ዕዳ ካለበትና በወቅቱ ከሚከፍል ሰው ያነሰ ነጥብ ያገኛል።

በእቁብ አስቢው። በድሮ ሰፈሩ 10 ዓመት አንድ ቀን ሳያሳልፍ የጣለ ሰው አዲስ ሰፈር ገብቶ «የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ይሁን» ቢል፣ ዳኛው ዋስ አምጣ ነው የሚለው። የሰውየው ጨዋነት አልተካደም። እዚህ ግን የሚመሰክርለት የለም።

የጀርመን የብድር ታሪክ መዝጋቢ ድርጅት ሹፋ ነው። በ1927 በርሊን ውስጥ ተቋቋመ፤ ዛሬ መቀመጫው ቪስባደን ነው፣ ካንቺ ቤት በባቡር ቅርብ ነው። ጣሊያን ደግሞ ትልቁ መዝጋቢ በ1988 ቦሎኛ ላይ የተመሠረተው ክሪፍ ነው። ሆላንድ ቲል በምትባል ከተማ የተቀመጠ ቤካኤር የሚሉት አለ። ቤልጂየም መዝገቡን የያዘው ብሔራዊ ባንኩ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ለየት ትላለች። የፈረንሳይ ማዕከላዊ ባንክ መዝገብ የሚይዘው መክፈል ያቃታቸውን ብቻ ነው፤ በደንብ የከፈለ ሰው ስሙ እዚያ የለም። ካሌ ውስጥ የኖረ ጨዋ ከፋይ ድንበር ቢሻገር ይዞት የሚሄድ ምንም የተጻፈ ነገር የለውም ማለት ነው።

የ2008ቱ የኅብረቱ የሸማቾች ብድር መመሪያ እያንዳንዱ አገር መዝገቡን ለሌላ አገር ባንክም በእኩል ሁኔታ እንዲከፍት ያዛል። ስለዚህ የፍራንክፈርቱ ባንክ ቦሎኛን ቢጠይቅ ሕጉ በሩን አይዘጋበትም። ግን አይጠይቅም። የጣሊያኑ መዝገብ «ዘገየ» የሚለው ሌላ፣ የጀርመኑ ሌላ። ነጥብ የሚሰጠው ማሽን የተሠራው በሹፋ መረጃ ነው። ለአንድ 12,000 ዩሮ ብድር ብሎ ያንን የሚያገናኝ ሥርዓት የሚገዛ ባንክ ብዙ አይደለም። ከብድሩ የሚያገኘው ትርፍ ያንን ወጪ አይሸከምም። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው እንቅፋት ይህ ነው። ሕግ ይከተላል፣ ቋንቋ ይከተላል፣ ግን መጀመሪያ መረጃው ነው የሚያቆማቸው።

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ ባይመለስስ የሚለው ነው። የጣሊያኑ ባንክሽ አበደረሽ እንበል። አንቺ ጀርመን ትኖሪያለሽ፣ ባንኩም አውቆ አገልግሎቱን ጀርመን ላለ ሰው ሸጧል። እንዲህ ሲሆን የአውሮፓ ሕግ ሸማቹን ይጠብቃል፤ ውሉ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ የጀርመን ሕግ የሚሰጥሽን ከለላ ሊነጥቅሽ አይችልም። ሊከስሽ ቢፈልግም አንቺ ባለሽበት አገር ፍርድ ቤት መምጣት አለበት። ላንቺ ጥሩ ነው። ለሮሙ ባንክ ግን የማያውቀው ፍርድ ቤት፣ የማያውቀው የደመወዝ እገዳ ሕግ፣ የማያውቀው የግለሰብ ኪሳራ ሕግ ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ ግለሰብ መክፈል አቅቶት ኪሳራ ቢገባ በ3 ዓመት ከቀሪው ዕዳ ነጻ ሊወጣ ይችላል። አበዳሪው ይህን ሁሉ ከሩቅ አስልቶ «ይቅርብኝ» ይላል።

ሮም የሠራ ሰው ቼሲዮኔ ዴል ኲንቶን ያውቀዋል። አሠሪው ከደመወዝሽ እስከ አንድ አምስተኛ ድረስ ቆርጦ በቀጥታ ለአበዳሪው ይልካል። ሕጉ የ1950 ነው፤ ብድሩ እስከ 10 ዓመት ሊሄድ ይችላል። ብዙ አበሻ በዚህ መንገድ ተበድሯል፤ ለአበዳሪው ገንዘቡ አንቺ እጅ ሳይገባ ስለሚቆረጥለት ደስ ይለዋል። ይህ ዓይነት ብድር አልፕስን አይሻገርም። የፍራንክፈርቱ አሠሪሽ በጣሊያን ሕግ አይታዘዝማ። ጣሊያን ባንክሽ ያን ጊዜ በልበ ሙሉነት ያበደረሽ አንቺን ብቻ አምኖ ላይሆን ይችላል፤ ከጀርባሽ ያለውን ሥርዓትም አምኖ ነው።

የወለድ ጣሪያውም በየአገሩ ይለያል። ጣሊያን በ1996ቱ የአራጣ ሕግ መሠረት በየሦስት ወሩ አማካይ ወለድ ይወጣል፤ በዚያ ላይ የአማካዩ ሩብና 4 የመቶኛ ነጥብ ተጨምሮ ጣሪያው ይሰላል። ፈረንሳይም በየሦስት ወሩ የራሷን ታወጣለች። ጀርመን በቁጥር የተጻፈ ጣሪያ የላትም፤ ፍርድ ቤቶች ከገበያው ወለድ እጥፍ ገደማ የሆነውን ነው ከመልካም ጠባይ ውጭ ነው የሚሉት። አምስት አገር ልሽጥ ያለ ባንክ አምስት የተለያየ ብድር መሥራት አለበት።

እና ባንኮቹ አይወዳደሩም ማለት ነው? ይወዳደራሉ። ግን የሚወዳደሩት ድንበሩን ተሻግረው በማበደር ሳይሆን በየአገሩ አበዳሪ ድርጅት እየያዙ ነው። የፈረንሳዩ ቢኤንፒ ፓሪባ ጣሊያን ውስጥ ፍሎረንስ ያለው ፊንዶሜስቲክ አለው፤ ጀርመን ውስጥ ኮንሶርስ ፊናንዝ በሚል ስም ያበድራል። ክሬዲ አግሪኮል ጣሊያን ውስጥ አጎስ አለው። የስፔኑ ሳንታንደር መንሽንግላድባህ ላይ ትልቅ የመኪናና የዕቃ ብድር ባንክ አለው። እንግዲህ ጣሊያን ላይ የፈረንሳይ ድርጅት ደንበኛ ሆነሽ ኖረሽ፣ ጀርመን መጥተሽ የዚያው ድርጅት ሌላ ስም ፊት እንደ አዲስ ሰው ልትቆሚ ትችያለሽ። ባለቤቱ አንድ ነው፤ መዝገቡ፣ ማሽኑና ዋጋው ግን የየአገሩ ነው።

ከላይ ያሉት ባለሥልጣናት ይህን አያውቁም አይባልም። ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ ትልልቆቹን የዩሮ አገር ባንኮች የሚቆጣጠረው እዚያው ፍራንክፈርት፣ ኦስትኤንድ ያለው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው። የጋራ የተቀማጭ ዋስትና በ2015 ታቅዶ እስካሁን በወረቀት ቀርቷል። ባንኮች ድንበር ተሻግረው እንዲዋሐዱ በንግግር ሁሉም ይደግፋል፤ በ2024 የጣሊያኑ ዩኒክሬዲት የጀርመኑን ኮሜርትስባንክ አክሲዮን መሰብሰብ ሲጀምር ግን በርሊን ፊቷን አጠቆረች። ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። ባለቤቶቹ እንኳ ድንበር መሻገር ከከበዳቸው ያንቺ ፋይል ቢቸገር አይግረምሽ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገርሽ። የብድር ድንበር ጨርሶ አልተከፈተም ማለት አይደለም። ተከፍቷል። መጀመሪያ የተከፈተው ግን ለውዱ ብድር ነው።

ሉክሰምበርግ የተቀመጠው አድቫንሲያ ባንክ ለጀርመንና ለኦስትሪያ ሰዎች ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ክሬዲት ካርድ ይሰጣል። ካርዱ ነጻ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ካልከፈልሽ ግን ወለዱ ከተራ ብድር በጣም ይበልጣል። የስዊድኑ ክላርና በብዙ አገር ሱቅ ገጽ ላይ «ኋላ ክፈይ» የሚል ቁልፍ ሆኖ ተቀምጧል። ከሪጋ የተነሣው ፎርፋይናንስ በየአገሩ ትንንሽ የአጭር ጊዜ ብድር ሸጧል።

ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ፊንላንድ ናት። መያዣ የሌለው የፍጆታ ብድር የሚሸጡ የኖርዌይና የስዊድን ባንኮች በዲጂታል መንገድ ገቡ። ውድድር በዛ፤ የሚፈለገው ይኸው አልነበረም? ችግሩ፣ የፊንላንድ መዝገብ የሚያሳየው ያልከፈለውን ሰው ብቻ ነበር። አንድ ሰው ከአምስት አበዳሪ ቢበደር፣ አንዱም ስለሌላው አያውቅም፤ ሰውየው እስኪወድቅ ድረስ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ መንግሥት በ2019 ወለዱን 20 በመቶ ላይ አቆመው። በአፕሪል 2024 ደግሞ የሰውን ሁሉንም ብድር የሚያሳይ አዲስ መዝገብ ተከፈተ። አስተዳዳሪው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። ልብ በይ፣ መጀመሪያ አበዳሪዎቹ ድንበር ተሻገሩ፤ መረጃው የተከተለው ከዓመታት በኋላ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወለዱ ከፍ ካለ ባንኩ ስለ ተበዳሪው ብዙ ባያውቅም ይችላል፤ የማይከፍሉትን ሰዎች ኪሳራ ከሚከፍሉት ላይ ይሰበስባል። ርካሽ ብድር ግን መታወቅን ይጠይቃል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ አበዳሪ በቀላሉ «እሺ» ሲልሽ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ ስለ ዋጋው ነው።

የሮተርዳሟን የአክስትሽን ልጅ ዋጋ በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ቁጥር ማየታችሁን አረጋግጪ። ጣሊያን ታኤግ ያሉት፣ ጀርመን ኤፌክቲቨር ያሬስትሲንስ የሚለው፣ ሆላንድም የራሷ ስም ያላት ዓመታዊ ሙሉ ወጪ ነው። አሰላሉ በመላው ኅብረቱ አንድ ነው። እሷ የነገረችሽ ተራ ወለዱን ከሆነ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ይህን ያህል ነው። 12,000 ዩሮ በ4 ዓመት የሚመለስ ብድር በ6 በመቶ ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው 282 ዩሮ ገደማ ነው። በ9 በመቶ ከሆነ 299 ገደማ። በወር 17 ዩሮ። ማንም አይደነግጥም። በ4 ዓመቱ መጨረሻ ግን 800 ዩሮ ያህል ተጨማሪ ከፍለሻል። ባንኮች በወርሃዊ ክፍያ የሚያስተዋውቁት ለዚህ ነው።

ወደ ምክሩ ልምጣ።

የመጀመሪያው፣ ለክሪፍ ጻፊና የራስሽን መዝገብ ጠይቂ። መብትሽ ነው፣ ለግለሰብ ክፍያ የለውም። ጣሊያን ውስጥ በደንብ የተከፈለ ብድር ውሉ ካለቀ በኋላ እስከ 60 ወር መዝገቡ ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ሳይሰረዝ አውጪው። ከዚያ ጋር ብድሩን ጨርሰሻል የሚለውን የባንኩን ደብዳቤ አያይዢ። ማሽኑ ይህን አያነብም። ሰው ያነበዋል። ስለዚህ በስልክ አፕ ብቻ ከሚሠራ ባንክ ይልቅ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ፣ ሽፓርካሰ ወይም ፎልክስባንክ ሄደሽ ሰው ፊት ቁጭ በይ። የመጨረሻ ሦስት ወር የደመወዝ ወረቀትሽንና የሥራ ውልሽን ያዢ። የሙከራ ጊዜሽ ካላለቀ ግን ባትሄጂ ይሻላል። ጀርመን ውስጥ ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ወር ነው፤ በዚያ ውስጥ ብዙ ባንክ ገና ከበሩ ይመልስሻል። ውልሽ በጊዜ የተገደበ ከሆነም ብድሩ ውሉ ከማለቁ በፊት እንዲያልቅ ይፈልጋሉ።

(ይህን የምታነቡ ሌሎች፣ የኅብረቱ ፓስፖርት የሌላችሁ፣ ባንኩ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ቀንም ያያል። ፈቃዱ 2 ዓመት ቀርቶት የ5 ዓመት ብድር መጠየቅ ብዙ ጊዜ በከንቱ መድከም ነው።)

ቀጥሎ ያለውን ጉዳይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይጎዳበታል። ጀርመን ውስጥ ዋጋ ለመጠየቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኮንዲትዮንስአንፍራገ ይባላል፤ «ለእኔ ስንት ትሰጡኛላችሁ?» ብቻ ነው፣ የሹፋ ነጥብሽን አይነካም። ሌላው ክሬዲትአንፍራገ ነው፤ ትክክለኛ የብድር ማመልከቻ። እሱ ለ10 ቀን ለሌሎች ባንኮች ይታያል። በሳምንት ውስጥ አምስት ባንክ እንደዚያ ከጠየቅሽ፣ ስድስተኛው «ይህቺን ሴት ሁሉም እምቢ ያሏት ለምንድን ነው?» ይላል። ስለዚህ ባንክ ቤት ስትገቢ በአፍሽ ንገሪያቸው፤ የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ እንዲያደርጉ። ማወዳደሪያ ገጾቹ፣ እንደ ቼክ24 ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚህኛው ነው የሚሠሩት።

ማስታወቂያ ላይ «ከዚህ ያህል ጀምሮ» የሚለውን ትልቅ ቁጥር እርሺው። ከሥር በትንሽ ጽሑፍ የተቀመጠውን ፈልጊ። የጀርመን የዋጋ ደንብ አበዳሪው ምሳሌ እንዲያስቀምጥ ያዛል፤ ያ ምሳሌ ከሦስት ተበዳሪ ሁለቱ ያገኙታል ተብሎ የሚጠበቅ ወለድ መሆን አለበት። ላይ 4 በመቶ፣ ታች 8 በመቶ ካየሽ፣ አንቺ ገና አዲስ ስለሆንሽ 8ቱን ወይም ከዚያ በላይ ጠብቂ። 4ቱ ለሌላ ሰው ነው።

መኪና ስለሆነ የምትገዢው፣ ተራ ብድር ከመጠየቅሽ በፊት የመኪና ብድር ይሻልሽ እንደሆነ እይው። ባንኩ የመኪናውን ሁለተኛ ወረቀት፣ ሰዉ ብሪፍ የሚለውን፣ ከፍለሽ እስክትጨርሺ ይይዘዋል። መኪናውን ትነጂዋለሽ፣ መሸጥ ግን አትችይም። ባንኩ መያዣ ስላለው ባዶ ታሪክሽ ያን ያህል አያስጨንቀውም። ሻጩ ጋ የሚሰጠው የአምራቹ ባንክ ብድር አንዳንዴ በጣም ርካሽ ይሆናል፤ ግን የመኪናው ዋጋ ላይ ቅናሽ አስቀርቶብሽ ሊሆን ስለሚችል ጥሬ ገንዘብ ብከፍልስ ብለሽ ጠይቂና ሁለቱን አስይ።

የዋስትና ኢንሹራንስ ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ አትፈርሚ። ሬስትሹልድ የሚሉት ነው፤ ብትታመሚ፣ ሥራ ብታጪ እከፍላለሁ የሚል። ጀርመን ውስጥ ብድሩን አስወድዶ ስንቱን ያስለቀሰ ነገር ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሕጉ ጠንክሯል፤ ብድሩን ከፈረምሽ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳያልፍ ይህን ኢንሹራንስ ሊያስፈርሙሽ አይችሉም። አሁኑኑ ካልፈረምሽ ብድሩ አይወጣም የሚልሽ ካለ ተነሥተሽ ውጪ።

ብድሩን ወስደሽ ከተጸጸትሽ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳትሰጪ መመለስ ትችያለሽ፤ ገንዘቡ እጅሽ ለቆየበት ቀን ወለድ ብቻ ነው የምትከፍይው። ከጊዜው በፊት ልጨርስ ብትዪም ባንኩ የሚቀጣሽ ቀድመሽ ከከፈልሽው ከ1 በመቶ አይበልጥም፤ ሊያልቅ ከአንድ ዓመት በታች ከቀረው ግማሽ በመቶ። ይህ ላንቺ ጠቃሚ ነው። ዛሬ ባዶ መዝገብ ይዘሽ በውድ ብትበደሪም፣ ዓመት ተኩል በደንብ ከፍለሽ ነጥብሽ ሲያድግ በርካሽ ብድር ልትተኪው ትችያለሽ። የባንክ ሰው ይህን አይነግርሽም።

ባንኩ እምቢ ሲልሽ በመዝገብ ተመሥርቶ ከሆነ የትኛውን መዝገብ እንዳየና ምን እንዳገኘ ያለክፍያ ሊነግርሽ ይገባል። «ሲስተሙ ነው» ብሎ መሸኘት አይበቃም። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር 7 ቀን 2023 በሹፋ ላይ ከባድ ነገር ተናግሯል፦ አበዳሪው ውሳኔውን በዋናነት በነጥቡ ላይ ካቆመ፣ ነጥቡን ማውጣቱ ራሱ በማሽን የተሰጠ ውሳኔ ነው አለ። ስለዚህ ሰው ፋይሌን ይይልኝ ማለት የማርያም መንገድ መለመን አይደለም፤ መብት መጠየቅ ነው። ከሹፋም የመዝገብሽን ቅጂ በነጻ አስመጪ። ገጻቸው ላይ የሚከፈልበትን በትልቁ ያሳዩሻል፤ ነጻው ዳተንኮፒ ይባላል፣ ፈልገሽ አግኚው።

በ2023 የወጣው አዲሱ የብድር መመሪያ ከኖቬምበር 20 ቀን 2026 ጀምሮ ነው የሚሠራው። በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖርን ሰው በዜግነቱ ወይም በመኖሪያ አገሩ ምክንያት ማዳላት ይከለክላል። «ኋላ ክፈይ» የሚሉትንም በሕግ ሥር ያስገባል፤ መመሪያው የሚሸፍነው የብድር መጠን ጣሪያም ከ75,000 ወደ 100,000 ዩሮ ከፍ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ተስፋሽን አታብዢ። ባንኩ በማይሠራበት አገር እንዲያበድር አያስገድደውም፤ ተጨባጭ ምክንያት ካለውም ሁኔታውን ሊለውጥ ይችላል። «ባዶ መዝገብ» ደግሞ ማንም ባንክ የሚያነሣው ተጨባጭ ምክንያት ነው። የበለጠ ተስፋ የማደርገው በሌላ ነገር ነው፦ አንቺ ስትፈቅጂ አበዳሪው የባንክ ሒሳብሽን እንቅስቃሴ በቀጥታ እንዲያይ የሚያደርገው አሠራር። ደመወዝሽ ሲገባ፣ የቤት ኪራይሽ ሲወጣ ያያል። የጣሊያን ሒሳብሽን ካልዘጋሽው እሱንም ልታሳዪ ትችያለሽ፤ ለመቀበል ፈቃደኛ ሆኖ የሚያነበው አበዳሪ ማግኘት ነው ሥራው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስትጨነቂ ፌስቡክ ላይ «ሹፋ የማይጠይቅ ብድር» የሚል ይመጣብሻል። በጀርመን ሕግ አገናኙ ደላላ ክፍያ የሚያገኘው ብድሩ እጅሽ ከገባና ተጸጽተሽ የምትመልሺበት 14 ቀን ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ቀድመሽ «ለፋይል»፣ «ለኖታሪ»፣ «ለኢንሹራንስ» 200 ዩሮ ላኪ ያለሽ ሁሉ ሌባ ነው ብለሽ ዝጊው። በአማርኛ ቢያናግርሽም።

አሁን የአክስትሽ ልጅ። ልቧ ጥሩ ነው፣ ግን እምቢ በያት። በስሟ ከተበደረች ዕዳው የሷ ነው። ቲል ያለው መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ከፍላ ከጨረሰችም በኋላ 5 ዓመት እዚያ ይቆያል። ሮተርዳም ቤት ልግዛ ባለች ቀን ባንኩ ያንን 12,000 አይቶ የሚሰጣትን የቤት ብድር ይቀንስባታል። ባንኩ ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃትም ወይ እውነቱን ተናግራ ትከለከላለች፣ ወይ ውሸት ትፈርማለች። አንቺም በየወሩ ሳታዛንፊ ብትልኪላት፣ ስምሽ ሹፋ ላይ አንድ መስመር አያድግም፤ የሚያድገው የሷ ነው። ዓመት ቆይተሽ ባንክ ብትሄጂ ያው ባዶ ገጽ ነው የሚጠብቅሽ። መርዳት ከፈለገች ከቁጠባዋ 3,000 ወይም 4,000 ለቅድመ ክፍያ ታበድርሽ፤ የምትመልሺበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ያን ጊዜ ከባንክ የምትጠይቂው 8,000 ወይም 9,000 ይሆናል፤ ብሪፉን ለሚይዝ ባንክ ደግሞ ይህ ከ12,000 በጣም ይቀላል።